ከተራራው የተበደርነው መልክ

(ስለ ሹራብ ኮፍያ፣ ስለ በግና ስለ ቀይ ቀበሮ)

ሰው በእጁ ከሚሠራቸው ነገሮች ብዙዎቹ አስቀድሞ በዐይኑ ያያቸው ናቸው። የእንስራው ሆድ ቅልን ይመስላል፤ የሰፌዱ ዙር ፀሐይን ይመስላል፤ የጥለቱም ቀለም ከመስክ አበባ የተቀዳ ይመስላል። ታዲያ ከተፈጥሮ ያየነውን መልክ ወስደን የራሳችን ሥራ ስናደርገው፣ ለወሰድንበት የምንከፍለው ነገር አለን? ወይስ መልክ እንደ ፀሐይ ብርሃን ያለ ዋጋ የተሰጠ ነውና ማንም ቢወስደው ዕዳ የለበትም? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው ከፍ ያለ መስሎ ቢታይም የተነሣው ከትንሽ ነገር ነው። በባሌ ደጋ ብርድ የዓመቱን ብዙ ወራት አብሮን ይኖራል። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባም ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ኮፍያ ለእኛ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ሹራብ መሥራት የሚያውቁ እኅቶችና ወንድሞች፣ በወጣቱ ዘንድ የተወደደውን ወደ ኋላ ረገብ ብሎ የሚወድቀውን ልቅ ኮፍያ መልኩን ከደጋው ዕፅዋት ወስደው ሊሠሩት አሰቡ። ለገበያም ሊያወጡት ተነጋገሩ። በዚህ ጊዜ ነው «የምንሸጠው የማንን መልክ ነው?» የሚለው ጥያቄ የተነሣው። ጥያቄው ከሣቅ ጋር ቢነሣም በሣቅ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም።

ሀ/ ኮፍያው እንዴት ያለ ነው?

የምንናገርለት ኮፍያ ራስን አጥብቆ የሚይዝ አይደለም። ግንባር ላይ ጠበብ ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ይሰፋል፤ በአናት በኩል የተረፈው ሹራብ ወደ ኋላ ይወድቃል። የአዋቂ ሰው ራስ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ከ55 እስከ 58 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠርዙ ግን ሲለበስ ስለሚለጠጥ ከዚህ ጥቂት አንሶ ይሠራል። ራስን የሚያጠብቀው ኮፍያ ከጠርዝ እስከ አናት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲበቃው፣ ልቁ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል።

ከባሌ ወደ አዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል የተጓዘ ሰው የዚህን ኮፍያ ዘመድ አይቶ ይሆናል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. በውጭ አገር ለሚኖሩ የጥቁር ሕዝብ ወገኖች በሰጡት መሬት ላይ፣ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች መጥተው የሰፈሩ ራስተፈሪያውያን አሉ። በኪሮሽ ወይም በሹራብ የተሠራው ሰፊ ኮፍያቸው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሆኖ ይታያል። ለእነርሱ የኮፍያው ስፋት ትርፍ አይደለም፤ ያልተቆረጠውን ረጅም ጸጉራቸውን ሰብስቦ የሚይዝ ከረጢት ነው። እንግዲህ ልቅነቱ መነሻ ምክንያት እንዳለው ከዚህ እንረዳለን።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንዱን ቀለበት ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ እያነሡ ሲሠሩ ጠርዙ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ይሆናል። ከጠርዙ በላይ ቀለበት እየተጨመረ ሥራው ይሰፋል። ቅጠል የመሰለ ንድፍ ለማውጣት ደግሞ ክሩን በመርፌው ላይ አንድ ጊዜ ጠምዝሞ አዲስ ቀለበት መፍጠር፣ በሌላው ወገን ሁለት ቀለበቶችን በአንድነት ይዞ አንድ ማድረግ ያስፈልጋል። አዲሱ ቀለበት ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ አንድ የሆኑት ሁለቱ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይላሉ። ይህ ሲደጋገም የቅጠሉ ጅማትና ዳር ይወጣል። የጨመሩትን ያህል ካልቀነሱ ግን ቅጠሉ ቅርጹን ይስታል፤ ኮፍያውም ያለ ልክ ይሰፋል። ውድ አንባቢያን፣ ይህችን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ እንመለስባታለንና።

ለ/ ከተራራው የምንቀዳው ምንድን ነው?

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ወጥቶ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። አምባው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በላዩ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ቀን ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። በአንድ ቀን ውስጥ በጋና ክረምት የሚፈራረቁበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚበቅል ሁሉ የብርድ ልብስ ያስፈልገዋልና ለኮፍያ ሠሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም።

ጅብራን እንመልከት። ቅጠሎቹን በክብ ደርድሮ ብዙ ዓመት ይቆያል። በመጨረሻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ አንድ ጊዜ አብቦ ዘሩን ከሰጠ በኋላ ይሞታል። ያላበበውን ጅብራ ከላይ ሆኖ ያየ ሰው፣ ቅጠሎቹ ከመካከል ተነሥተው ወደ ዳር እየዞሩ ሲወጡ ያያል። የኮፍያው አናት ሲዘጋም ቀለበቶቹ ወደ መካከል እየተቀነሱ በተቃራኒው እንዲሁ ይዞራሉ። በአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ከሚበቅሉት ከእነዚህ ግዙፍ ዕፅዋት መካከል፣ ሌሊት ሲሆን ቅጠላቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው በመካከል ያለውን ለጋ ቡቃያ ከውርጭ የሚሸፍኑ አሉ። ይህ ራሱ ኮፍያ ማድረግ አይደለምን?

በአምባው ላይ ቢቆረጡ እንኳ ቶሎ የማይጠወልጉ፣ ሲነኳቸው እንደ ደረቅ ወረቀት የሚንኮሻኮሹ አበቦች ያሏቸው ቁጥቋጦዎች አሉ። ቅጠላቸው በነጭ ለስላሳ ጸጉር የተሸፈነ ነው። ከሩቅ ሲታዩ ግራጫ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዕፅዋቱ ሱፍ ለብሰዋል ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከአምባው ወረድ ስንል፣ በሀረና ደን አፋፍ፣ አስታውና ኮሶው ሽበት አብቅሎ እናገኘዋለን። ሽበት ስንል በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለውን ማለታችን ነው። ሥር የለውም፤ እርጥበቱን የሚወስደው ከጭጋግና ከዝናብ ነው። ልቅ ሆኖ መንጠልጠሉ ጭጋጉን በብዙ ፊት እንዲያገኘው ይረዳዋል። ስለዚህ ዛፉን ያጌጠ ቢመስልም በሥራ ላይ ነው ያለው።

ከእነዚህ ሦስቱ አንድ ነገር ተምረናል። በተራራው ላይ ጌጥ መስሎ የሚታየው ሁሉ ምክንያት አለው። ክቡ፣ ሱፉና መንጠልጠሉ ሁሉ ለሕይወት ነው። እንግዲህ ኮፍያችን በእውነት የተራራውን መልክ ይቅዳ ካልን፣ መልኩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም መቅዳት ይገባዋል። በአናቱ ላይ የሚተርፈው ሹራብ አየር ይዞ የሚያሞቅ፣ የተጎነጎነ ጸጉር የሚይዝ፣ ውርጭ ሲበረታ እስከ ጆሮ የሚወርድ ቢሆን ትርፍነቱ ይቀራል። ለማማር ብቻ ተብሎ የተጨመረ ክር ግን ጅብራው የማያውቀው ነገር ነው።

ሐ/ መልክ መውሰድ ይጎዳልን?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ክርክር ይነሣል። «አንድ ጅብራ ቢነቀል ከተራራው አንድ ይጎድላል፤ መልኩ ቢቀዳ ግን ምንም አይጎድልም። ሺህ ሰው ሺህ ኮፍያ ቢሠራ ጅብራው እንደ ቆመ ነው። ታዲያ የምን ዕዳ?» ይባላል። ይህ ክርክር በከፊል እውነት ነውና በጭፍን መካድ አይገባም። ክርን ፍሬ ወይም አበባ ማስመሰልም የዛሬ ሰው ፈሊጥ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት እንደ ተጻፈው፣ የሊቀ ካህናቱ ቀሚስ ታችኛው ዘርፍ ላይ ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊና ከቀይ ክር የተሠሩ ሮማኖች ነበሩበት። ሮማኑን በክር መሥራት ሮማኑን አላጎደለውም፤ ይልቁንም የከበረ ሥራ ሆኖ ተቆጠረ።

ነገር ግን ምንም አይጎድልም ማለት ምንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ይህንን የጎረቤቶቻችን በትር ያስረዳናል። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙት ሙስሊም ወገኖቻችን «ኡሌ ሼክ ሁሴን» የሚባለውን ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ በትር ይዘው መንገድ ሲሄዱ ሁላችንም አይተናል። የበትሩን ባላ ያበጀው ዛፉ ነው። ሰውየው ግን ፈልጎ፣ መርጦ፣ ቆርጦ፣ ልጦ ይዞታል። ስለዚህ ዛፉን ያውቀዋል። ኮፍያ ሠሪ ግን ሳነቴን ሳይረግጥ፣ ጅብራን ከፎቶግራፍ ወይም ከሌላ ሰው ኮፍያ ላይ ሊቀዳ ይችላል። ቅጂው ከቅጂ ሲቀዳ ጅብራው ቀስ በቀስ ዘንባባ ይሆናል፤ ገዢውም ባሌን ገዛሁ እያለ የትም የማይበቅል ዛፍ በራሱ ላይ አድርጎ ይሄዳል።

ስለዚህ የመልክ ዕዳ የሚከፈለው በገንዘብ አይደለም፤ አይቶ በማወቅ ነው። የዕፁን ስም ማወቅ፣ የት እንደሚበቅልና ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ማወቅ፣ ለጠየቀንም እውነቱን መናገር። ይህ ቀላል ዕዳ ነው፤ ይሁንና ብዙ ሰው አይከፍለውም።

መ/ ክሩስ ከየት መጣ?

የዕዳው ክብደት የሚታየው ከመልኩ ወደ ክሩ ስንሄድ ነው። መልክ ሲቀዳ አያልቅም፤ ክር ግን ከአንድ ቦታ የመጣ ነው። ለአንድ ልቅ ኮፍያ 100 ግራም ገደማ ክር ይበቃል። ይህ ክር ከበግ የተገኘ ከሆነ በጉ ሣር በልቷል። ሣሩ ደግሞ የበቀለው አንድ ቦታ ላይ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚህ ፓርክ ውስጥ በዓለም ላይ ከቀሩት 500 ገደማ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ የሚበልጡት ይኖራሉ። በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደ ማለት ነው፣ ይባላል፤ ልትወልድ የቀረበችን ባዝራ ተከትሎ እንግዴ ልጁን ለመብላት ስለሚጠብቅ ነው ይላሉ። ዋና ምግቡ ግን አይጥና ፍልፈል ነው። ከእነዚህም ትልቁ ፍልፈል ከባሌ በቀር በየትም አይገኝም። ፍልፈሉ የሚኖረው በሣሩና በሣሩ ሥር ነው።

አሁን ሰንሰለቱን እንከተል። በግ ሲበዛ ሣር ያንሳል። ሣር ሲያንስ ፍልፈሉ ምግብና መሸሸጊያ ያጣል፤ ፍልፈል ሲያንስ ቀይ ቀበሮ ይራባል። በጎች ባሉበት እረኛ አለ፤ እረኛ ባለበት ውሻ አለ። ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በባሌ ደጋግሞ ተነሥቷል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. በዌብ ሸለቆ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። በዚህ ምክንያት የአካባቢውን ውሾች መከተብ ቀበሮውን ከመጠበቂያ መንገዶች አንዱ ሆኗል። ደግሞም ለግጦሽ አዲስ ሣር እንዲወጣ አስታው ይቃጠላል። በ2000 እ.ኤ.አ. በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ታላቅ እሳት እንዲህ ያለ ነገር ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል አሳይቷል። ያን ጊዜ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ በበጎ ፈቃድ ዘምተው እሳቱን ተከላክለዋል። አስታው ሲቃጠል በላዩ የተንጠለጠለው ሽበትም አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ አስቡት። በኮፍያው ላይ ሽበቱን ቀድተነዋል፤ በኮፍያው ክር ውስጥ ደግሞ ሽበቱን ያጠፋው እሳት ሊኖር ይችላል። መልኩን እያከበርን አካሉን ልንጎዳ እንችላለን ማለት ነው። ሙሽራይቱን ሥዕሏን ሰቅሎ እያደነቀ እርሷን በረኃብ የሚያስጨንቅ ባል ቢኖር ምን እንለዋለን?

ሠ/ የፋብሪካ ክር ያድነናልን?

«እንግዲያስ በጉን ትተን ከሱቅ የሚሸጠውን ክር እንጠቀም» የሚል ይኖራል። በገበያ ላይ በርካሽ ከሚሸጠው ባለ ቀለም የሹራብ ክር ብዙው ሱፍ አይደለም፤ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። በግ አይበላውም፤ ቀለሙ ያምራል፤ ቶሎ ይደርቃል። ለልጅዋ የሚሞቅ ኮፍያ ፈልጋ ይህን ክር የምትገዛ እናት የምትነቀፍበት ምክንያት የለም፤ እኛም አንነቅፋትም። ሲታጠብ ግን ደቃቅ ጭረቱ ከውኃው ጋር ይሄዳል፤ ሲያረጅም እንደ ሱፍ በስብሶ አፈር አይሆንም። ከባሌ የሚነሡት ወንዞች ደግሞ ለቆላው ወገናችንና ለጎረቤት አገር ሶማልያ ጭምር ውኃ ናቸው። ስለዚህ የፋብሪካው ክር ዕዳውን ከዐይናችን ያርቀዋል እንጂ አይሰርዘውም። ከእይታ የራቀ ዕዳ ደግሞ በእይታ ካለው ይልቅ ለመርሳት የተመቸ ነው።

ረ/ እረኛው ቢጠይቀንስ?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ገና አልተነሣም። እስካሁን የተናገርነውን በዲንሾ ወይም በሪራ አካባቢ በጎቹን የሚጠብቅ ሰው ቢሰማን እንዲህ ሊለን ይችላል፦ «ልጆቼ፣ እናንተ በከተማ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ የጅብራን ሥዕል ትሠራላችሁ። እኔ ግን ከጅብራው ጋር ሌሊት አድራለሁ። በጌ ለእናንተ ኮፍያ ናት፤ ለእኔ የልጄ ደብተርና የሚስቴ መድኃኒት ናት። ለቀበሮው አዘናችሁ፤ ለእኔስ ማን ያዝንልኛል?»

ለዚህ ሰው ቸኩሎ መልስ መስጠት በደል ነው። ተራራውን ለመጠበቅ የሚከፈለው ዋጋ በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። በሰሜን ተራሮች የሆነውን እናስታውስ። ያ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ነበረ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉት ተቆጥሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን በ2016 እ.ኤ.አ. በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀዬአቸውን ለቀው በደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዓለም ስለ ዋልያው ደስ ሲለው፣ ቀዬውን የለቀቀው ገበሬ ነው።

የቀድሞ የባሌ አባቶችም ዘዴ አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። «ጎዳንቱ» በሚባለው ልማድ ከብቱን በየወቅቱ ወደ ሆራውና ወደ ሌላ ግጦሽ እያዛወሩ፣ የለቀቁት ሣር እንዲያርፍ ያደርጉ ነበር። ሕዝብና ከብት በዝቶ፣ እርሻውም ሰፍቶ፣ ይህ ዓይነቱ መዘዋወር እየጠበበ መጥቷል። ስለዚህ እረኛውን ተራራውን የሚጠላ ሰው አድርጎ ማቅረብ ከእውነት የራቀ ነው። ጠላትነቱ በእረኛውና በቀበሮው መካከል አይደለም። የጎደለው ለሁለቱም የሚበቃ ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ሱፉ እንመለስ። በባሌ በግ የሚረባው በመሠረቱ ለሥጋና ለገበያ እንጂ ለጸጉሩ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ግን የበጉን ጸጉር ሸልተው፣ ፈትለው፣ ባናና በርኖስ ማድረግ የቆየ ሙያ ነው፤ ነጩ፣ ጥቁሩና ቡናማው ቀለም ሳይነከር እንዳለ ይሸመናል። በእኛም ዘንድ ጸጉሩ ዋጋ ቢያገኝ ሁለት ነገር ሊከተል ይችላል። አንደኛው፣ «በግ የበለጠ ያተርፋል» ተብሎ በግ ይበዛል፤ ተራራውም የባሰ ይጋጣል። ሁለተኛው፣ ከአንድ በግ የሚገኘው ጥቅም ስለሚጨምር ባለቤቱ በጥቂት በጎች የዱሮውን ያህል ይኖራል፤ ሣሩም ያርፋል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን ክሩ አይወስነውም። የሚወስነው በኮፍያ ሠሪውና በእረኛው መካከል ያለው ስምምነት ነው። ሱፉን በርካሽ ነጥቀን በውድ ከሸጥነው እረኛው በግ ከመጨመር በቀር ምርጫ የለውም። ተገቢውን ዋጋ ከከፈልነውና በትንሽ መንጋ የሚገኘውን ሱፍ አስቀድመን ከተዋዋልነው ግን ከሸክሙ አንዱን ጫፍ ያዝንለት ማለት ነው።

ሰ/ የደረስንበት ሐሳብ

በልባችሁ ያዙልን ወዳልናት ነገር እንመለስ። በቅጠሉ ንድፍ ላይ አንድ ቀለበት የጨመረ ሰው በሌላው ወገን አንድ መቀነስ አለበት። ይህ ሕግ የመጣው ሠሪው ስለ ወደደው አይደለም፤ ሥራው ራሱ የሚጠይቀው ነው። ቀዳዳውን ብቻ እየፈጠረ የማይቀንስ ሰው ቅጠል አያገኝም፤ የተበጣጠሰ የሚመስል ጨርቅ ያገኛል። ተራራውም እንዲህ ነው። ለእኛ ሙቀትና ገቢ የተጨመረበት ቦታ ካለ፣ በአንድ ወገን የተቀነሰ ነገር አለ። ጥያቄው የተቀነሰው ከማን ላይ ነው የሚለው ነው። ከእኛ ትርፍ ላይ ካልተቀነሰ ከእረኛው ጉርስ ወይም ከቀበሮው ሣር ላይ ይቀነሳል።

ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሳችን ይህ ነው፦ አዎን፣ የተወሰደ መልክ ዕዳ አለበት። ዕዳውም በሦስት ወገን ይከፈላል።

1ኛ/ በእውቀት። የምንቀዳውን በስሙ፣ በቦታውና በምክንያቱ እንወቀው። ያላየነውን አየን አንበል። ኮፍያውን ለገዛን ሰው «ይህ ጅብራ ነው፤ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል» ብለን መንገር ብንችል፣ ሰውየው ከኮፍያው ጋር አንድ የሚጠነቀቅለት ነገር ይዞ ይሄዳል።

2ኛ/ በልክ። ምክንያት የሌለው ትርፍ አንጨምር። አንድ ኮፍያ ዐሥር ዓመት የሚያገለግል አድርጎ መሥራት፣ የተተረተረውን መልሶ ማያያዝ፣ ያረጀውን ፈትቶ ክሩን ለሌላ ሥራ ማዋል፣ ይህ ሁሉ ሣር ማሳረፍ ነው። እናቶቻችን የድሮ ሹራብ ተርትረው ለሕፃን ካልሲ ሲሠሩ ስለ ቀይ ቀበሮ አላሰቡም ይሆናል፤ ሥራቸው ግን ለቀበሮው ደግ ነበረ።

3ኛ/ በፍርድ። ዋጋውን የሚሸከመውን ሰው ከሒሳባችን አናውጣው። የበጉ ባለቤት፣ የፈተለችው እናት፣ የሠራችው እኅት እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ያግኙ። ለቀበሮ አዝኖ ለእረኛ አለማዘን ግማሽ ርኅራኄ ነው፤ ለእረኛው አዝኖ ልጆቹ የሚወርሱት ሣር እንዲያልቅ ዝም ማለትም ሌላው ግማሽ ነው። ሙሉው ርኅራኄ ከባድ ቢሆንም ከዚያ ያነሰውን ለመምረጥ ነፃ አይደለንም።

አንዳንዱ «እናንተ ጥቂት ወጣቶች ጥቂት ኮፍያ ብትሠሩ ለባሌ ተራራ ምን ታመጣላችሁ?» ይል ይሆናል። በእርግጥ የግጦሹን ነገር ኮፍያ አይፈታውም፤ ይህ የመንግሥትም፣ የማኅበረሰቡም፣ የባለሙያዎችም ሥራ ነው። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ትልቁ ሥራ የሚያያዘው ከትንንሹ ነው። ደግሞም በ100 ግራም ክር ላይ ፍርድን መጠበቅ ያልለመደ እጅ፣ ነገ ሰፊ መሬትና ብዙ ገንዘብ ሲሰጠው ከየት አምጥቶ ይጠብቃል?

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ መርፌውን ስታነሡ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አብራችሁ አንሡ። የምቀዳውን አውቀዋለሁን? የምጨምረው ቀለበት ምክንያት አለውን? የቀነስኩትስ ከማን ላይ ነው? ሦስቱን የመለሰ ሰው ኮፍያውን በደስታ ይሥራ፤ በደስታም ይልበሰው። ብርዱ እንደሆነ ነገም ከሳነቴ ወርዶ ወደየቤታችን መምጣቱ አይቀርም።